በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ የፀሐይ ሽፍታን እንዴት መለየት ይቻላል

የፀሐይ ሽፍታ ምልክቱ መቅላት ነው ይባላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ ቦታው ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ወይም መልኩ ሳይለወጥ ይሻክራል። ስለዚህ ብዙ ሰው «አለርጂ ነው» ተብሎ ይሸኛል።

መጀመሪያ ይዳስሱ። ብርሃን ከጎን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ቆመው ክንድዎን በጣት ጫፍ ይፈትሹ። በጥቁር ቆዳ ላይ ፖሊሞርፈስ ላይት ኢራፕሽን የሚባለው የፀሐይ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ ጤፍ የተበተነበት የሚመስሉ ጥቃቅን እብጠቶች ያወጣል፤ ያሳክካል።

ቀጥሎ ቦታውን ይዩ። የክንድ ውጪኛ ጎን፣ የእጅ ጀርባና የላይኛው ደረት ይወጣበታል። ፊት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ስለለመደ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከአገጭ ሥር፣ ከጆሮ ጀርባና ከሰዓት ማሰሪያ ሥር ንጹሕ ከሆነ የፀሐይ ነው የሚለው ጥርጣሬ ይጠነክራል። የሙቀት ሽፍታ በተቃራኒው ላብ የሚታፈንበትን፣ በልብስ የተሸፈነውን ገላ ይመርጣል።

ሰዓቱንም ይመዝግቡ። ይህ ሽፍታ ፀሐይ በነካ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይወጣል፤ ከፀሐይ ከራቁ እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል። በደቂቃዎች ወጥቶ በአንድ ቀን ውስጥ የሚከስም ሌላ ዓይነት ነው። «አገር ቤት ፀሐይ ምን አድርጎኝ ያውቃል?» የሚል ስቶክሆልም የሚኖር ሰውም ሊይዘው ይችላል፤ በረጅሙ ብርድ ወራት ቆዳው የለመደውን ይረሳና ግንቦት ላይ እጅጌ አጭር ሲለብስ ይነሣበታል። የመኪና የጎን መስታወትም አያስጥልም፣ ዩቪኤ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ያልፈዋል፤ የሾፌሩ ግራ ክንድ ብቻ ከሻከረ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

የሚወስዱትን መድኃኒት ይቁጠሩ። አንቲባዮቲኩ ዶክሲሳይክሊንና የደም ግፊቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲጎዳ ያደርጋሉ። በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪም ይጠይቁ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ሽፍታው ሊጠፋ ስለሚችል ፎቶ ያንሡ። ፍላሽ እብጠቱን ስለሚያደበዝዝ ያጥፉት፤ ከጎኑ ጤነኛው ቆዳ ይታይ። ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ አይቀቡ፤ ቆዳ ያሳሳል፣ ምልክቱንም ይሸፍናል።

ጉንጭና አፍንጫ ላይ ወጥቶ ለሳምንታት ከቆየ፣ የአፍ ቁስል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የፀጉር መርገፍ ካለ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይታዩ። ሐኪሙ ኤኤንኤ የሚባለውን፣ የገዛ አካልን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልግ የደም ምርመራና የሽንት ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ሉፐስ ኩላሊትንም ይጎዳል።