ፓሉዳሪየም ስትሠሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

ፓሉዳሪየም ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የብስ የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። ተክልና ዓሣ አብረው ይኖሩበታል። የውሃው ክፍል ከሌለ ቴራሪየም ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ በማውቃቸው ሰዎች መሃል የሚሞክሩት በዝተዋል፤ ደስ ይለኛል። እኔ የምጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። «ቤቱ ሸተተ»፣ «ቅጠሉ ረገፈ»፣ «ዓሣዎቹ አለቁብኝ» ይሉኛል። ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ያንኑ ስህተት ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

አፈሩን ከውሃው ጋር ማገናኘት

ይሄ ነገር ከልቤ ያበሳጨኛል። መከላከሉ ቀላል ነው፤ መጠገኑ ግን ሁሉንም አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው። ሰው በአንድ በኩል አፈር ይቆልላል፣ በሌላው በኩል ውሃ ይሞላል፣ መሃሉ ላይ ጥቂት ድንጋይ ይደረድራል። መጀመሪያ ሰሞን ያምራል፤ ፎቶ ይነሳል። ውሃው ግን ሥራውን ጀምሯል። የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው ሁሉ አፈሩም ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ድንጋዩ አያቆመውም። ብዙ ሳይቆይ የብስ ያላችሁት ክፍል ጭቃ ይሆናል።

ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል። ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል። ያኔ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታ እሱ ነው። ሽታው አፍንጫችሁ ከደረሰ ሥሩ መጥቆር ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ሲኤምሲ አካባቢ ያየሁት አንድ ሳጥን አይረሳኝም። የቤቱ እመቤት ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ የጠማው መስሏቸው በየማታው ያጠጡት ነበር። «እኔ እኮ አንድ ቀን አስጠምቼው አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ መሳብ ስለማይችል፣ የጠማውም፣ ውሃ የበዛበትም አጠዋለጋቸው አንድ ነው። እሳቸው ባጠጡት ቁጥር ይብስበታል፤ በባሰበት ቁጥር ይጨምሩለታል። ፈርን የሚባለውን ተክል ሳብ ሳደርገው ሥሩ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ቅጠሉ ብቻ እጄ ላይ መጣ። እባካችሁ ተክል ሲጠወልግ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ችግሩ ጥማት አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የብሱን ክፍል ከውሃው በሲሊኮን በተለጠፈ መስታወት ለዩት። ከሥሩ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አድርጉበት። ለዚህ ሥራ ሬድ አሽ ከሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የተሻለ አላውቅም። ቀዳዳ የበዛበት ነው፣ አይከብድም፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ ይገኛል። ግን ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡት፤ ካልታጠበ ደለሉ ፓምፑን ይደፍነዋል። ከጠጠሩ በላይ የፕላስቲክ የመስኮት ወንፊት አንጥፉ። የብረቱ ይዝጋል። አፈሩ ከወንፊቱ በላይ ይቀመጣል። ከታች የሚጠራቀመው ውሃ መቼም ቢሆን ወንፊቱን መንካት የለበትም። ለዚህ ጥግ ላይ እስከ ታች የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አቁሙ፤ ውሃው ሲበዛ በስሪንጅ መጥጣችሁ ታወጡታላችሁ። ጠርዙንም እዩት። ከአፈሩ ላይ ወርዶ ጫፉ ውሃ የነካ ሞስ (እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ትንሽ አረንጓዴ ተክል) ካለ እሱም ብቻውን ውሃ ይስባል።

የግቢ አፈር

ከግቢ የተቆፈረ ጥቁር መረሬ አታስገቡ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አየር አያሳልፍም። የኮኮነት ቃጫ፣ ደቃቅ ሬድ አሽ፣ የተሰባበረ ከሰልና የበሰበሰ ቅጠል ቀላቅሉ። ፍግ አይግባበት፤ ወደ ውሃው ወርዶ አልጌ ይመግባል።

ቁልቋልና እሬት እዚህ ውስጥ ይበሰብሳሉ። ፈርን፣ ፊቶኒያ፣ ፖቶስና ሲንጎኒየም ይስማማቸዋል። ለውሃው ክፍል አኑቢያስ ወይም ጃቫ ፈርን ካገኛችሁ ደግሞ አግድም የሚሄደውን ወፍራም ግንዱን አትቅበሩት። እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በክር እሰሩት።

መስኮት ሥር ማስቀመጥ፣ አየር መድፈን

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ሳጥን ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል፤ ሞሱ በአንድ ከሰዓት ሊያርር ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ያው መስኮት ብርዱን ያስገባል። ሳጥኑን አርቃችሁ 6,500 ኬልቪን የሆነ (የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ) የኤልኢዲ መብራት በየቀኑ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ አብሩለት።

የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1829 በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን በራሱ በቅሎ አይቷል። ይህን የሰሙ ሰዎች ሳጥናቸውን ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ለተክል ብቻ ከሆነ ያስኬዳል። እንስሳ ካለበት ግን ከፊት ዝቅ ብሎ አየር መግቢያ፣ ከላይ ደግሞ በወንፊት የተሸፈነ መውጫ ይኑረው። ያኔ መስታወቱም ጉም አይለብስም።

ዓሣ በማግስቱ መጨመር

አንድ አባት ለልጃቸው ልደት ብለው ሳጥኑን ቅዳሜ አስጨረሱ፤ እሑድ ዓሣ ጨመሩበት። ሳምንቱ ሳይሞላ አንድም አልተረፈም፤ ልጁ ሲያለቅስ አየሁት። ጥፋቱ የውሃው አዲስነት ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያም ናይትራይትም ዓሣ ይገድላሉ። ባክቴሪያዎቹ እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ፊልተሩ ይሥራ፣ ተክሉ ሥር ይስደድ፣ ቆንጥራችሁ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣሉበት። የፖቶስ ሥር ውሃው ውስጥ ከወረደ ናይትሬቱን እየሳበ ያግዛችኋል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በባልዲ ክፍቱን አንድ ቀን አሳድሩት። የዓሣውንም ዓይነት ከቤታችሁ ብርድ ጋር አስማሙ። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ያለ ማሞቂያ የአዲስ አበባ ሳሎን ይህን አይሰጠውም። ማሞቂያ ካስገባችሁ ውሃው ተንኖ ከማሞቂያው በታች እንዳይወርድ ጠብቁ። ያለ ውሃ የጋለ የመስታወት ማሞቂያ ይሰነጠቃል።

እምቦጭ ማስገባት

ይህን ሳልቆጣ መጻፍ አልችልም። አበባው ያምራል፣ ውሃ ያጠራል እያሉ እምቦጭ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ መታየቱ ተመዝግቧል። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና ተማሪው ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ከርመዋል። አንድ ችግኝ ቅጥያ እያወጣ ራሱን ያባዛል። ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ለጌጥ ብላችሁ ቤታችሁ አታሳድጉት፣ ለወዳጅም አትስጡ። ሌላም የውሃ ተክል ስትከረክሙ ቁርጥራጩን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ጣሉት። ወንዝና ቦይ ውስጥ አትድፉ።

እንቁራሪት ከዱር መያዝም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። በባሌው የሐረና ጫካና በሌሎች ደጋማ ቦታዎች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች አሉን። ቆዳቸውን የሚያጠቃው ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋ በሰፊው እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል። አንዱን ይዞ ከሌላ ጋር ማኖር፣ ሲሰለች ሌላ ወንዝ ላይ መልቀቅ፣ የኖረበትን ሳጥን ውሃ ደጅ መድፋት በሽታውን ሊያዛምት ይችላል። ባሉበት ተዉአቸው።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አለመሞከር

ፏፏቴ ያለው ፓሉዳሪየም ፓምፑ ሲቆም ላይኛው ገንዳ ያለው ውሃ በቱቦው ተመልሶ ይወርዳል። የታችኛው ገንዳ ጢም ብሎ ከነበረ ይፈስሳል፤ ምንጣፍ ላይ። ሥራውን ስትጨርሱ ሶኬቱን ነቅላችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከፈሰሰ ውሃውን ቀንሱ ወይም የቱቦውን ጫፍ ከላይኛው ውሃ በላይ አንሱት። ዲቫይደሩ ከሳጥኑ በታች ወለል ላይ አይቀመጥ። ገመዱ ደግሞ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ሸብለል ይበል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ውሃ አትሙሉ። ሻጋታ መከላከያ የተቀላቀለበትን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮንም አትጠቀሙ።

በሻጋታ መደንገጥ

ጀማሪዎች በዚህ ሲጨነቁ አንጀቴን ይበሉኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። ያለ ነገር ነው። ስፕሪንግቴይል የሚባሉ፣ ከነጥብ የማይበልጡ ነፍሳት የበሰበሰ ቅጠል ሥር ይገኛሉ፤ ሻጋታውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ እስኪበዙ ታገሡ። ኬሚካል አትርጩ፣ እንጨቱንም አታውጡ።

ከሻጋታው የከፋው እሱን አይቶ ሁሉንም በአንድ ቀን አውጥቶ ማጠብ ነው። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ በስንት ሳምንት የበዙትን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል፤ ዓሣው እንደገና አሞኒያ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ብቻ ቀይሩ። የፊልተሩን ስፖንጅ ከሳጥኑ በቀዳችሁት በዚያው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። የቀረውን ውሃ ለጓሮ አትክልት አጠጡት፤ ጎመን ይወደዋል።