ቤት ልቀቁ ተባላችሁ? ዕቃ ከመሸከፋችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ቤት ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በደብዳቤ አይደለም። በር ላይ በሚነገር አንድ ነገር ነው፦ «እስከ ወር መጨረሻ ቤቴን ልቀቁልኝ።» ተከራይ ይደነግጣል። ደላላ ጋ ይደውላል። ከዚያ «መውጣቴ ካልቀረ ለምን እከፍላለሁ» ብሎ የዚያን ወር ኪራይ ይይዛል። ጉድ የምታፈላው ይህቺ የመጨረሻዋ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የአከራዩ ነበር። ኪራይ ሲቀር ግን አከራዩ ያልነበረውን ሕጋዊ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት፦ ክፈሉ። እየተጣላችሁም ቢሆን በቀኑ ክፈሉ።

መነሻችን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ በ30 ቀን ውስጥም ይመዝገብ ይላል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ ደግሞ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ 30 በሚያሳውቀው ልክ እንጂ አከራዩ ባሻው ጊዜ አይደለም። ሰው እጅ ላይ የሚደርሱ «ልቀቁ» የሚሉ ወረቀቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ይጋጫሉ።

ምልክት፦ በቃል ተነገራችሁ፣ ቀኑም አጭር ነው

ምክንያቱ ቀላል ነው። በቃል ማለት ዋጋ አያስከፍልም፣ አሻራም አይተውም። አከራዩ ራሱ በጽሑፍ ቢያወጣው እንደማያስኬደው ይጠረጥራል።

መፍትሄው መከራከር አይደለም። «እሺ እትዬ፣ ምክንያቱንና ቀኑን በወረቀት ይስጡኝ» በሏቸው፤ በአክብሮት፣ ሳትጮኹ። አልሰጥም ካሉ የዚያኑ ቀን በስልክ መልእክት ላኩላቸው፦ «ዛሬ ማታ እስከ ወር መጨረሻ እንድንለቅ ነግረውናል። ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።» መልስ ባይመጣም ቀኑና ሰዓቱ ተመዘገበላችሁ። ከዚያ ውሉን አውጡና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የተፈረመበት ቀን፣ ዘመኑ የሚያልቅበት ቀንና የምዝገባው ማኅተም።

አሁን ቀን መቁጠር የግድ ነው። አዋጁ እንደወጣ፣ በ2016 ሰኔ አካባቢ የተመዘገቡ የ2 ዓመት ውሎች በ2018 ሰኔ ዘመናቸው ይሞላል። «ውል አልቋል ውጡ» የሚለውም የሚበዛው ያኔ ነው። ውሉ በእርግጥ ካለቀ ክርክሩ ሌላ ነው። አንድ ወርም ቢቀረው ግን አልቋል የተባለው ውል ገና በሕይወት አለ። ዘመኑ ካለፈ በኋላም አከራዩ እያወቀ፣ ሳይቃወም፣ ኪራይ እየተቀበለ ከቀጠለ ይህንኑ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት አትጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ውሉ በዝምታ ታድሷል ብሎ ለመከራከር ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ረጅም መሆን የለበትም፦

«ለወ/ሮ ……። በቀን …… የጻፉልኝ የቤት ልቀቅ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። በመካከላችን ያለው ውል በቀን …… ተፈርሞ በወረዳው የተመዘገበ ሲሆን ዘመኑ የሚያበቃው በቀን …… ነው። ኪራይ እስከ …… ወር ድረስ በባንክ ከፍያለሁ። ማስጠንቀቂያው ውሉን ለማቋረጥ የሚያበቃ ሕጋዊ ምክንያት ስላልጠቀሰ አልተቀበልኩትም። ኪራዬን በወቅቱ መክፈሌን እቀጥላለሁ።»

ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙላችሁ። አልፈርም ካሉ ሁለት ምስክር ይዛችሁ ስጡ፤ ስማቸውንና ቀኑን በራሳችሁ ቅጂ ጀርባ ጻፉ። ወረቀቱ ውስጥ ስድብ አታስገቡ፤ ዳኛ ሊያነበው ይችላል።

ምልክት፦ «ቤቱ ሊሸጥ ነው»

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ሊሸጥ ነው ሌላ፣ ተሽጧል ሌላ። ገዢ እያፈላለጉ መሆናቸው የናንተን ውል አያቋርጥም። ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ፣ በዕዳ ወይም በመሳሰለው መንገድ በእርግጥ ለሌላ ሰው ከተላለፈ ደግሞ አዋጁ ለተከራዩ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ስድስት ወር ነው እንጂ ሁለት ሳምንት አይደለም።

መፍትሄ፦ ማስረጃ ጠይቁ። የቤት ሽያጭ ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ የሚጸድቅ ነገር ስለሆነ በአፍ የሚቀር አይደለም። አዲሱ ባለቤት ከቀረበ ማንነቱን፣ የባለቤትነት ማስረጃውን ወይም ውክልናውን እዩ። ኪራዩ ከእንግዲህ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባም በጽሑፍ ይንገራችሁ። ይህን ሳታደርጉ ለአዲሱ ሰው ከከፈላችሁ አሮጌው መጥቶ «አልተከፈለኝም» ይላል።

«ልጄ ሊያገባ ነው»፣ «ወንድሜ ከውጭ ሊመጣ ነው» የሚሉትም እዚሁ ይመደባሉ። እንኳን ደስ አላችሁ በሏቸው። የውሉን ዘመን ግን የቤተሰብ ጉዳይ ብቻውን አያሳጥረውም። እንዲህ ያለ አንቀጽ በውላችሁ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ደግማችሁ አንብቡ።

ምልክት፦ «ጨምር፣ ካልሆነ ውጣ»

ይህ የማስወጣት ጉዳይ አይደለም፤ የጭማሪ ጉዳይ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ። በውሉ መሐል፣ ከታወጀው ልክ ውጪ የሚጠየቅ ጭማሪን አለመክፈል ጥፋት አይደለም። በውሉ ላይ ያለውን መጠን ብቻ አስገቡ፣ የክፍያ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ወሩን ጻፉ፣ ከዚያ ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ስጡ። ውሉን የመዘገበው እሱ ስለሆነ ፋይሉ እዚያ አለ።

ችግሩ የሚወሳሰበው ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት ሲሆን ነው። ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አከራዩ ግብር ለመቀነስ 15 ሺህ የሚከራየውን ቤት 6 ሺህ ብሎ ያስመዘግባል፣ ተከራዩም ቤት ላለማጣት ይፈርማል። ቀሪው በእጅ ወይም በሌላ ሰው ሒሳብ ይሄዳል። ይህ ሁለቱንም ያስጠይቃል፤ ተከራዩን ይጠቅማል ብላችሁ አትሞኙ። ጠብ ሲነሳ አከራዩ «6 ሺሁም አልገባልኝም» ቢል በእጅ የሰጣችሁት የትም አይገኝም። እዚህ ውስጥ ያላችሁ ከሆነ ወደ ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ምልክት፦ አከራዩ ኪራይ አልቀበልም አሉ

በእኔ እይታ ከሁሉም ተንኮለኛው ይህ ነው። የባንክ ሒሳቡን ይዘጋሉ፣ ወይም ስልክ አያነሱም፣ ወይም የገባውን ብር ይመልሳሉ። ሁለት ወር ያልፋል። ከዚያ «ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ» የሚል ክስ ይመጣል። ተከራዩ ፍርድ ቤት ቆሞ «እሳቸው እኮ ናቸው እምቢ ያሉት» ይላል። ዳኛው «በምን ታስረዳለህ?» ይላል። ዝም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ መላ አለው። ገንዘብ ጠያቂው ያለ በቂ ምክንያት አልቀበልም ካለ፣ ባለዕዳው ገንዘቡን በማስቀመጥ ከግዴታው ነፃ መሆን ይችላል። አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በውሉ ላይ ወዳለው ሒሳብ ለማስገባት ሞክሩ፤ ካልሄደ ያልተሳካበትን ወረቀት ወይም የስልክ ስክሪንሹት ያዙ። ቀጥሎ በጽሑፍ «የ…… ወር ኪራይ ዝግጁ ነው፣ የሚገባበትን ሒሳብ ያሳውቁኝ» በሉ። መልስ ከሌለ ለፍርድ ቤት አመልክታችሁ ገንዘቡ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ጠይቁ። ወር ሳያልፍ ነው ይህን ማድረግ። ሁለት ሦስት ወር ከተጠራቀመ በኋላ የሚደረግ ማስቀመጥ ማመካኛ ይመስላል።

ብሩን ቤት ውስጥ ፖስታ አድርጎ «ሲፈልጉ ይውሰዱ» ማለት መክፈል አይባልም። ለጎረቤት አደራ መስጠትም እንዲሁ።

ምልክት፦ ውሃ ተዘጋ፣ መብራት ተቆረጠ፣ ቁልፍ ተቀየረ

ምክንያቱ አከራዩ በሕግ እንደማያሸንፉ ማወቃቸው ነው፤ ስለዚህ ኑሮውን ያከብዱታል። አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል፤ ቆጣሪው ያለው በአከራዩ በኩል ነው፣ የግቢው በር ቁልፍም እንዲሁ።

ተከራይን በኃይል ማስወጣት የአከራዩ ሥልጣን አይደለም። አልወጣም ያለን ሰው የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ውሳኔና አፈጻጸም ነው። ያለ እናንተ ፈቃድ ቤታችሁ ገብተው ዕቃ ማውጣት ደግሞ ከኪራይ ክርክር አልፎ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 የሰው መኖሪያ ቤት መድፈርን ይቀጣል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ይጠብቃል።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለ ኪራዩ ከሆነ ያወራችሁት እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ስለ ኪራዩ አታውሩ። የሆነውን ብቻ ተናገሩ፦ «ሥራ ውዬ ስመለስ የበሬ ቁልፍ ተቀይሯል፣ ልጆቼ ደጅ ናቸው፣ ዕቃዬ ውስጥ ነው።» ቃላችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ፤ የመዝገቡን ቁጥር ያዙ። ቁልፉን ራሳችሁ አትስበሩ። ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ጎረቤት ምስክር ያዙ።

በፍትሐ ብሔር በኩል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው፣ ማለትም በይዞታችሁ ላይ የሚደረገው ረብሻ እንዲቆም የሚጠይቀው ክስ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት ሁከቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በተከራይ ጉዳይ እንዴት እንደሚቀርብ ጠበቃ ቢያየው ይሻላል። ሌላው ዋናው ክስ እስኪታይ ድረስ ባለበት እንዲቆም የሚጠየቀው ጊዜያዊ እግድ ነው። እግድ የሚጠየቀው በመሐላ ቃል ተደግፎ ነው፤ ክስ ሳይኖር እግድ ብቻውን አይሰጥም። ውሉ፣ የባንክ ወረቀቶቹና የማስጠንቀቂያው ቅጂ አብረው ይገባሉ።

ምልክት፦ ውሉ አልተመዘገበም፣ ወይም ጭራሽ የጽሑፍ ውል የለም

ብዙዎች «ውል የለኝም፣ ስለዚህ መብት የለኝም» ብለው ይወጣሉ። አትቸኩሉ። የጽሑፍ ውል ካለና ምዝገባው ብቻ ከቀረ፣ የማስመዝገብ ግዴታው የአከራዩም ስለሆነ እሳቸውም ጉድለት አለባቸው። ወረዳው ጋ ሄዳችሁ ልመዝገብ ማለት ትችላላችሁ። እውነቱን ለመናገር ግን «ውል እንመዝገብ» ማለት ራሱ «ውጣ» የሚያስብልበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት ማስረጃችሁን ሰብስቡ፦ የቴሌብርና የባንክ ዝውውሮች፣ የስልክ መልእክቶች፣ ቤቱን ያገናኘው ደላላ፣ ጎረቤት። የጽሑፍ ውል ጨርሶ ከሌለ ነገሩ ይከብዳል፣ አቋማችሁም ደካማ ነው። ያኔ የሚያዋጣው በወረዳው በኩል መደራደር ነው።

ምልክት፦ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ

ይህ ከአከራዩ ደብዳቤ ጋር አንድ አይደለም። ደብዳቤን በደብዳቤ መመለስ ይቻላል። መጥሪያ ግን ቀን አለው፣ የመከላከያ መልስ ይፈልጋል። «ውሸት ስለሆነ አልሄድም» ያለ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ዕለቱን ጠበቃ ፈልጉ። አቅም ለሌለው ሰው በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

አከራዩ ትክክል የሚሆኑበት ጊዜም አለ። ኪራይ ከተቋረጠ፣ መኖሪያ ቤቱ ያለ ፈቃዳቸው ንግድ ቤት ከተደረገ፣ ሆን ተብሎ ከተበላሸ፣ ወይም ጎረቤት በተደጋጋሚ ከታወከ ክርክሩ ለእናንተ አያዋጣም። እንዲህ ከሆነ ጊዜ መግዛት ላይ ብትሠሩ ይሻላል። የቀበሌ ቤት የያዛችሁ ደግሞ ጉዳያችሁ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው። ቤቱ ለመንገድ ወይም ለኮሪደር ልማት ይፈርሳል ከተባለም ወሬውን ከአከራዩ ሳይሆን ከወረዳው አጣሩ።

ሁሉንም አይታችሁ «ከዚህ ሰው ጋር አልኖርም» ካላችሁ መውጣትም አማራጭ ነው፤ ግን በዋጋ። ያልተጠቀማችሁበት ቅድሚያ ክፍያ ይመለስ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ይታሰብ፣ ቀኑ በቂ ይሁን። «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ከቀረበላችሁ ብሩ እጃችሁ ሳይገባ አትፈርሙ። ቁልፍ ስታስረክቡ የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ፣ የባዶውን ክፍል ቪዲዮ ያዙ፣ «ቁልፍ ተረክቤያለሁ፣ ቀሪ ሒሳብ የለም» የሚል ፊርማ ተቀበሉ። የወረዳው ምዝገባ ላይም ውሉ መቋረጡን አስጽፉ፤ ካልሆነ ስማችሁ በዚያ ቤት ላይ እንዳለ ይቆያል።