ሎግ በቀጥታ ስትከታተሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰርቨር ላይ ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ እየመዘገበ ወደሚጽፍበት ፋይል ነው። ስክሪኑ ዝም ካለ ሁሉም ሰላም ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ሰርቨሩ መጻፉን አላቆመም፤ የተዘጋው እኛ የምናይበት መንገድ ነው።

ትንሿን ኤፍ ማመን። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሊኑክስ ላይ ሁላችንም የለመድነው ቴይልን (የፋይልን መጨረሻ የሚያሳይ ትእዛዝ) በትንሿ ኤፍ (-f) ማስነሳት ነው። ኡቡንቱ (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ያለ የኢንጂንኤክስ ዌብ ሰርቨርን እንውሰድ። በየቀኑ ሎግሮቴት (አሮጌ ሎጎችን በአዲስ የሚተካ ፕሮግራም) ይነሳና ኤረር.ሎግን ኤረር.ሎግ.1 ብሎ ስሙን ይቀይረዋል። በቀድሞው ስም ደግሞ አዲስ ባዶ ፋይል ይከፈታል። ትንሿ ኤፍ የያዘችው ፋይሉን እንጂ ስሙን ስላልሆነ ከአሮጌው ጋር ትቀራለች። ማታ ከፍታችሁት የሄዳችሁት መስኮት ጠዋት ላይ ንጹህ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ስህተቱ ግን አዲሱ ፋይል ውስጥ እየተከመረ ነው። ትልቋን ኤፍ (-F) ተጠቀሙ። እሷ የምትከተለው ስሙን ነው። ፋይሉ ሲቀየር ወደ አዲሱ ትሻገራለች፣ ገና ካልተፈጠረም ትጠብቀዋለች። በእኔ እምነት ለሎግ ክትትል ትንሿን ጨርሶ መተው ይሻላል።

ግሬፕ በግሬፕ መደራረብ። ግሬፕ የምንፈልገው ቃል ያለባቸውን መስመሮች ብቻ የሚያወጣ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ «ኤረር» የሚለውን፣ ከዚያ የአንድ ደንበኛን አይፒ ለማጣራት ሁለት ግሬፕ እንቀጥላለን። የመጀመሪያው ግሬፕ ውጤቱን የሚያቀብለው ለሌላ ፕሮግራም ከሆነ በየመስመሩ አይልክም። የተወሰኑ ኪሎባይቶች እስኪጠራቀሙ ይይዘዋል። ሎጉ ብዙ የማይጽፍ ከሆነ ስህተቱ ተፈጥሮ እናንተ ጋ ለመድረስ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ላይን-በፈርድ (--line-buffered) የሚለውን አማራጭ የመጀመሪያው ግሬፕ ላይ ጨምሩ፤ ወዲያው ይስተካከላል።

ኮንትሮል ኤስ መጫን። እጅ ሴቭ ማድረግ ለምዷል። ተርሚናል ላይ ግን ስክሪኑን ቀጥ ያደርገዋል። ኮንትሮል ኪው ይለቀዋል።

ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ከፍቶ መጠበቅ። ኖትፓድ የሚያሳያችሁ በከፈታችሁበት ቅጽበት የነበረውን ብቻ ነው። ፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ውስጥ ጌት-ኮንቴንትን ዌይት (-Wait) ከሚለው አማራጭ ጋር አስነሱት።

የሌለ ፋይል መፈለግ። ዴቢያን 12 (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ሲስሎግ የሚባለውን የሲስተሙን ዋና የሎግ ፋይል ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም፣ አርሲስሎግ፣ ከሲስተሙ ጋር አብሮ መጫኑ ቀርቷል። መልእክቱ ያለው ጆርናል በሚባለው የሲስተሙ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ጆርናልሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ ከትንሿ ኤፍ ጋር ያሳያችኋል። እዚህ ጋ ትንሿ ትክክል ናት።

ሰዓቱን ሳያጣሩ ማንበብ። ብዙ ሰርቨሮች የሚጽፉት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። አዲስ አበባ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። ሁለቱ ሲጣመሩ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከሎጉ ላይ 3 ቀንሱ። ሎጉ 14:20 ካለ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20 ነው። ደንበኛ ደውሎ «11 ሰዓት ላይ ተቋረጠብኝ» ካላችሁ፣ የምትፈልጉት መስመር 14:00 አካባቢ ነው።