የእንግሊዝኛ ስም ለልጅ ሲወጣ ትርጉሙን እንዴት እንመርምር?

አማርኛ ተናጋሪ «ተስፋዬ» የሚለውን ስም ሲሰማ ትርጉሙም አብሮ ይሰማዋል፤ ኤድዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ግን ስሙ የተሠራው ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ስለሆነ ምን ማለት እንደሆነ ካልጠየቀ አያውቅም። ስለዚህ በውጭ አገር ለተወለደ ልጁ የእንግሊዝኛ ስም ለማውጣት ያሰበ ወላጅ፣ ከትርጉሙ አስቀድሞ ስሙ ከየት እንደመጣ ይመርምር።

ስሙ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ከሆነ ለሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል። በኤድዋርድ ውስጥ «ኤድ» ሀብትንና መልካም ዕድልን፣ «ዋርድ» ጠባቂን ያመለክታል። ሁለቱ ክፍሎች ግን እንደ «ኃይለማርያም» ተናበው አንድ ሐሳብ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ ያሳስታል፤ ኤዲት የሚለው የሴት ስም «ሀብት» እና «ጦርነት» ከሚሉ ቃላት የተጣመረ ነው። በ1095 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያረፈው የዉስተር ጳጳስ ዉልፍስታን፣ የስሙ መጀመሪያ ከእናቱ ከዉልፍጊፉ፣ መጨረሻው ከአባቱ ከኤተልስታን የተወሰደ ነበር። ክፍሎቹ «ተኩላ» እና «ድንጋይ» ማለት ቢሆኑም ወላጆቹ የፈለጉት ሁለቱም በልጃቸው ስም ውስጥ እንዲኖሩ ነው፤ ለእኔ ይህ ከማንኛውም የቃል ፍቺ የሚበልጥ ትርጉም ነው።

ዊሊያም፣ ሮበርትና ሪቻርድ በእንግሊዝ የተስፋፉት ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ ነው፤ ዊሊያም «ፈቃድ» እና «የራስ ቁር» ከሚሉ ቃላት የተገኘ ነው። ቴይለር ልብስ ሰፊ ማለት ሲሆን ከሙያ መጠሪያነት ወደ ቤተሰብ ስም፣ ከዚያም ወደ ልጅ ስም ተሻግሯል። ዴይዚ ደግሞ «የቀን ዐይን» ማለት ነው፤ አበባዋ ጠዋት ተከፍታ ማታ ስለምትከደን የወጣላት ስም ነው፣ ከሁሉም ይበልጥ ደስ የሚለኝም እርሱ ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጡትን ስሞች በቅርብ እናውቃቸዋለን። ጆን ዮሐንስ፣ ጄምስ ያዕቆብ ስለሆነ፣ አያቱ ያዕቆብ የሚባሉ ሕፃን ጄምስ ቢባል የአያቱን ስም ወረሰ ማለት ነው።

በመጨረሻም ስሙን ከአባት ስም ጋር ጮክ ብሎ መጥራት፣ በፊደላችን እንዴት እንደሚጻፍም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። የኤዲት የመጨረሻ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ አንዱ «ኤዲት»፣ ሌላው «ኢዲዝ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ወላጆች አንዱን መርጠው በክርስትና ወረቀቱም በሌሎች ሰነዶችም ላይ በዚያው ይጽኑ።