ፍሙን ይጠብቁ፦ በጓሮ እሳት ለሚያበስል ጀማሪ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅ ጓደኞቿን ግቢያችን ጠርታ በጓሮ እሳት ሥጋ ልትጠብስ ተነሳች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ዓይናቸውን ማሸት ጀመሩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከላይ የከሰለ፣ ሲቆረጥ ግን ደሙ የሚወርድ ሥጋ ቀረበላቸው። ልጅቷ በጋዝ ምድጃ ጥሩ አድርጋ ታበስላለች። ማንም ያልነገራት አንድ ነገር ነበር፦ በእንጨት እሳት ሥጋ የሚጠበሰው በነበልባሉ ሳይሆን ነበልባሉ ካለፈ በኋላ በሚቀረው ፍም ነው። በዚያ ቀን አዘንኩ። አያቶቻችን ጉልቻ ሥር ቁጭ ብለው የሚያውቁትን እኛ ለልጆቻችን ሳናስተላልፍ መቅረታችን ተሰማኝ።

ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በራሴም፣ በቤተሰቦቼም፣ በጎረቤቶቼም ላይ የደረሱ ናቸው። የመረጥኳቸው ምግቦች ቀላል ናቸው፦ ጥብስ፣ በቆሎ እሸት፣ ድንች፣ ቂጣ፣ ምስርና ሽሮ። ለማንደጃው አንድ ስንዝር የሚጠልቅ፣ አንድ ክንድ የሚሰፋ ጉድጓድ ይበቃል። ከቤት፣ ከአጥርና ከዛፍ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። ዙሪያውን የሚከቡትንም ሆነ ለጉልቻ የሚሆኑትን ድንጋዮች ከወንዝ አያምጡ። ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲግል በእንፋሎት ኃይል ሊፈነዳና ስባሪው ሰው ሊመታ ይችላል።

ጭሱ አላስቀምጥ አለ

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ጉልበቱን ያንን ውሃ በማትነን ይጨርሳል፣ እንጨቱም በቅጡ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጭስ ዓይን ከማቃጠሉ በላይ ምግቡን ያመርራል። ደረቅ እንጨት ለመለየት ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ያጋጩ። ደረቁ ቋ ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ልጡም በቀላሉ ይላቀቃል። ክረምት ላይ እንጨትዎን ከመሬት ከፍ አድርገው በጣሪያ ሥር ይደርድሩት፤ ደረቅ እንጨት እንኳ እርጥብ መሬት ላይ ካደረ ጠዋት ይጨሳል።

እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ከጨሰ ግን አየር አጥሮታል ማለት ነው። ጀማሪ ጉድጓዱን እስከ አፉ በፍልጥ ይሞላና እሳቱን ያፍነዋል። መጀመሪያ ጭራሮውን እንደ ጎጆ ጣሪያ አቁመው ከሥር ይለኩሱት። እሱ በደንብ ሲያያዝ ቀጫጭን ፍልጥ፣ ቀጥሎም ወፍራሙን ይጨምሩ። እፍ የሚሉ ከሆነ ከሥር እንጂ ከላይ አይሁን። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን አይድፉበት፤ ምግቡ ሽታውን ይይዛል፣ ነበልባሉም ወደ እጅ ይዘላል።

የእንጨቱ ዓይነትም ለውጥ አለው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይያያዛል፣ ይንቦገቦጋል፣ ግን ፍሙ ቶሎ አመድ ይሆናል። ግራር ቀስ ብሎ ነድዶ ጠንካራ ፍም ይተዋል። እኔ በባሕር ዛፍ ጭራሮ አስጀምሬ ግራር እጨምርበታለሁ። የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ ከተገኘ ደግሞ አንድ ስንጣሪ በመጨረሻ ላይ ፍሙ ላይ ጣል ማድረግ ለሥጋው የሚሰጠው መዓዛ በምንም ቅመም አይተካም። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ቺፑድና የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ግን ለምግብ እሳት አይሆኑም። ሙጫውና ቀለሙ ሲነድ መርዛማ ጭስ ያወጣል። ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች ግቢያችሁ ውስጥ እሳት ከማንደዳችሁ በፊት የከተማውን ደንብ ጠይቁ፤ በበጋ ድርቅ ወቅት ክልከላ የሚጣልባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

ሥጋው ከላይ ከሰለ፣ ከውስጥ ጥሬ ነው

የእህቴ ልጅ ያጋጠማት ይኸው ነው። ነበልባል ላይ የተቀመጠ ሥጋ ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ይከስላል፣ ሙቀቱ ግን ወደ መሐል ለመዝለቅ ጊዜ አላገኘም። በዚያ ላይ ስቡ እየቀለጠ እሳቱ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባሉ ይበልጥ ይነሳል፣ ጥቀርሻውም ሥጋው ላይ ያርፋል።

መፍትሄው ትዕግሥት ነው። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቁ። ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ቀይ ሲሆንና ላዩ ስስ ነጭ አመድ ሲለብስ ጊዜው ደርሷል። አያቴ ሰዓት አልነበራትም። መዳፏን ከፍሙ አንድ ጋት ከፍ አድርጋ ትዘረጋና በቀስታ ትቆጥር ነበር። ሁለት ላይ እጅዎን ካስነሳዎት ለሥጋ ገና ኃይለኛ ነው። አራት ወይም አምስት ድረስ ከቻሉት ለጥብስ የተስማማ ነው። ስምንት ድረስ ካስቆጠረዎት ለድንችና ለሽሮ ይሆናል። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ከዚያ ፍሙን በአንድ በኩል ሰብስበው ሌላውን ጎን ባዶ ይተዉት። ሥጋው ፍሙ ባለበት በኩል ላዩን ይይዛል፣ ባዶው ጎን ላይ ሆኖ ደግሞ ውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል። ነበልባል ድንገት ከተነሳ ውሃ አይርጩበት፣ አመዱ ሥጋው ላይ ይቦንናል። ሥጋውን ወደ ባዶው ጎን ማሸሽ ይበቃል።

«እሳት ካየው ምን ለየው» የሚለው ተረት ለዶሮ ፈጽሞ አይሠራም። ዶሮ መሐሉ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። መለኪያ ከሌለዎት ከአጥንቱ አጠገብ ወግተው ይመልከቱ። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ሥጋው አጥንቱ ላይ ከተጣበቀ ይመለስ። የበሬ ሥጋም ቢሆን በቅጡ ካልበሰለ ኮሶ ያስይዛል። ለመጀመሪያ ቀን ከነአጥንቱ ዶሮ ባይሞክሩ እመርጣለሁ።

ጥብሱ ውሃ አወጣ

ለጀማሪ የምመክረው ጥብስ በብረት ድስት የሚሠራውን ነው፤ ስቡ እሳት ላይ አይንጠባጠብም፣ ሥጋውም ከዓይን አይጠፋም። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ሥጋው ድስት ውስጥ በገዛ ውሃው ተቀቅሎ ግራጫና ጠንካራ ሆኖ መውጣቱ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ድስቱ ሳይግል ሥጋው ገብቷል፣ ወይም በአንድ ጊዜ በዝቶ ገብቷል። ቀዝቃዛ ሥጋ ሲከመርበት የብረቱ ሙቀት ይወርዳል፣ የሚወጣው ውሃ ለመትነን ጉልበት ያጣል፣ ውሃ ባለበት ደግሞ ሙቀቱ ከመፍላት አልፎ አይሄድም። ሥጋ ቡናማ ሆኖ ያንን የጥብስ ሽታ የሚያወጣው ከዚያ በጣም በላቀ ሙቀት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ሥጋ በአውራ ጣት ጫፍ መጠን ይቁረጡና በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት። ባዶውን ብረት ድስት ፍሙ ላይ ይጣዱት። አንድ ጠብታ ውሃ ሲጥሉበት ሽው ብሎ እየተንከባለለ ከጠፋ ግሏል። ጥቂት ዘይት ያድርጉና ሥጋውን ሦስት ቦታ ከፍለው ተራ በተራ ያስገቡ። ካስገቡ በኋላ ወዲያው አያማስሉ! አንድ ደቂቃ ያህል ይተዉት። መጀመሪያ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ይመስላል፣ ታችኛው ጎን ሲቀላ ራሱ ይለቃል። ድምፁን ያዳምጡ፤ ጥርት ያለ ቸስስታ ከሆነ እየተጠበሰ ነው፣ ለስለስ ያለ ፉክፉክታ ከሆነ እየተቀቀለ ነው። ሁሉም ከቀላ በኋላ አንድ ላይ መልሰው ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ የጥብስ ቅጠሉንና ጨውን ይጨምሩ። ንጥር ቅቤ ከድስቱ ሊወርድ ሲል ይግባ፣ ቀድሞ ከገባ ያርራል። ክዳን አይክደኑ።

በቆሎው ጠቆረ እንጂ አልበሰለም

እዚህም ጥፋቱ የነበልባሉ ሊሆን ይችላል፣ ግን የበቆሎውን ዕድሜ መጀመሪያ ይጠይቁ። ፍሬውን በጥፍርዎ ይጫኑት። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ካወጣ እሸት ነው። ጥፍር የማይበሳው ከሆነ የጠነከረ ስለሆነ ምንም ያህል ቢጠብሱት አይለሰልስም፤ ለንፍሮ ያውሉት። በቆሎ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ በተቆረጠበት ቀን ይጠበስ።

እናቴ በቆሎ ስትጠብስ ቆረቆንዳውን በግራ እጇ ይዛ በጣቶቿ ጫፍ ሩብ ሩብ ዙር ታዞረው ነበር። ፍሬው ጠ ጠ ማለት ሲጀምር ከፍሙ ጥቂት ታርቀዋለች። ስትጨርስ አንድም ረድፍ ሳይዘለል ሁሉም ወርቃማ ሆኖ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ ይታይበታል። ዓይኗን ከበቆሎው ስለማታነሳ ያኔ ማንም አያወራትም። እጅዎ ገና ካልለመደ ከነቅጠሉ አሥር ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነክረው ፍም ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያገላብጡት። በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ከዚያ ቅጠሉን ገፈው ለሁለት ደቂቃ ብቻ ፍም ያሳዩት።

ድንቹ መሐሉ ጠጣር ነው

ድንች የሚበስለው በረመጥ ውስጥ ነው። ፍም ላይ የተወረወረ ድንች ልጣጩ ከሰል ይሆናል፣ ልቡ ጥሬ ይቀራል። የእንቁላል መጠን ያላቸውን ይምረጡ፣ ልጣጩን ሳይልጡ ትኩስ አመድና ደቃቅ ፍም የተቀላቀለበት ቦታ ቀብረው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይርሱት። በቀጭን ስንጥር ሲወጉት ያለ ትግል መሐሉ ከደረሰ ያውጡት። ልጣጩን ገፎ በአዋዜና በጨው መብላት ነው።

ቂጣው ተጣበቀ፣ ወይም ከሥሩ አርሮ ሊጡ አልበሰለም

የተጣበቀ ከሆነ ምጣዱ አልተሟሸም። አዲስ የሸክላ ምጣድ በለዘብተኛ እሳት እየሞቀ በተፈጨ ጎመን ዘር ደጋግሞ መታሸት አለበት። አንድ ቀን ሙሉ ቢወስድም አይቸኩሉ። ከዚያ በኋላ በሳሙና አይታጠብ፣ ይወልወል።

ከሥሩ አርሮ ሊጥ ከሆነ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ ውፍረቱ፦ ጀማሪ ከትንሽ ጣቱ ውፍረት ባያሳልፈው ጥሩ ነው። ሁለተኛ የምጣዱ ግለት፦ አንድ ቁንጥር ዱቄት ይበትኑበት። ወዲያው ከጠቆረ ከሥር ፍም ይቀንሱ። ዱቄቱ ቀስ ብሎ ዳቦ የመሰለ ቀለም ከያዘ ሊጡን ይዘርጉና ይክደኑት። በእንጨት እሳት ሁልጊዜ ያልተስተካከለ ቦታ ስለሚኖር ቂጣውን እየዞሩ ይዩት፣ ምጣዱንም በየደቂቃው ጥቂት ያዙሩ። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ስለሚፈልግ ለጊዜው ይቆይ። ቂጣው እሺ ሲልዎት ይደርሱበታል።

ድስቱ ይፈላል፣ ምስሩ አይበስልም

ደጋ ላይ ከሆኑ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጨት መጨመር ውሃውን ያሟጥጠዋል እንጂ ከዚያ በላይ አያሞቀውም። ይክደኑት፣ በልኩ ያንተክትኩት፣ ጊዜ ይስጡት። ቲማቲም ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፣ ኮምጣጣነቱ ማለስለሱን ያዘገያል። የሚጨምሩት ውሃም የሞቀ ይሁን። የሸክላ ድስት ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ጭራሽ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሽሮው ጓጎለ

ዱቄቱ የሚፈላ ውሃ ላይ ተጥሏል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው እያማሰሉ ይጨምሩ። ከሥሩ ካረረ አይፋቁት፣ የላዩን ወደ ሌላ ድስት ያዙሩት።

እሳቱ የጠፋ ይመስላል

ይህን ሳያነቡ አያንድዱ። ድሮ እሳት ተዳፍኖ ያድር ነበር፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉ ፍሙ ሥሩ ቀይ ነው። የጓሮዎ እሳትም እንዲሁ ያድራል፣ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ወይም ሕፃን ሲረግጠው ይታወቃል። ውሃ ያፍስሱበት፣ በእንጨት ያማስሉት፣ እንደገና ያፍስሱበት። ሽሽታው ሲያቆም የእጅዎን ጀርባ አስጠግተው ሙቀቱ መጥፋቱን ያረጋግጡ።

ብርድ ሲሆን የተረፈውን ፍም በምድጃ ይዘው ቤት ውስጥ አያስገቡ። ጭስ ባይኖረውም ከሰልና ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ። ቀለምም ሽታም የለውም፣ ተዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛትም ዋስትና አይሆንም። ምድጃው ውጭ ይደር፣ እንግዶችዎ ከበረዳቸው ጋቢ ይስጧቸው።