ትልቅ ሌንስ በትንሽ ካሜራ፦ ሚዛኑን እንዴት እንዳስተካከልኩት

70-200 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንሴ (ሩቁን የሚያቀርብ ትልቅ ዙም) ብቻውን 1.5 ኪሎ ይጠጋል። ሚረርለስ (ውስጧ መስታወት የሌላት) ካሜራዬ ደግሞ 400 ግራም እንኳ አትሞላም። ሁለቱን በአዳፕተር ሳገናኛቸው ፎከሱም ጥራቱም ምንም አይወጣለትም። ያስቸገረኝ ሚዛኑ ነው። ትራይፖድ ላይ ፍሬሜን አስተካክዬ፣ ብሎኑን ጥብቅ አድርጌ እጄን ስለቅ፣ የሌንሱ አፍ ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል።

ትራይፖዱን ከካሜራዋ ሥር ፈትቼ ሌንሱን ዙሪያውን በያዘው ቀለበት ላይ ካለው እግር ጋር አሰርኩት። በጣም ተሻለው፤ ግን አሁንም ወደ ፊት ያጋድላል። ከኋላ ያለችው ካሜራ ቀላል ስለሆነች ክብደቱ ያለው ከእግሩ ፊት ነው። ስለዚህ ረጅም ፕሌት (ትራይፖዱ መያዣ ውስጥ የሚገባ ጠፍጣፋ ብረት) እግሩ ላይ አሰርኩ፣ ከእግሩ ወደ ፊት እንዲረዝም አድርጌ። ከዚያ የትራይፖዱን መያዣ ላላ አድርጌ ሌንሱን ከነካሜራው ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብሎኑ ሳይጠብቅም ቀጥ ብሎ ቆመ። እዚያው ፕሌቱ ላይ በማርከር ምልክት አደረግሁ። ለቁም ፎቶም ትራይፖዱን መንካት አያስፈልግም፤ የቀለበቱን ብሎን አላልቶ ካሜራዋን ማዞር ነው።

በእጅ ሳነሳ ግራ እጄ ከሌንሱ ሥር ሆኖ ሙሉ ክብደቱን ይሸከማል፤ ቀኝ እጄ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው ሥራው። ማንገቻውንም ከካሜራዋ አውጥቼ ሌንሱ እግር ላይ አሰርኩት። ይሄን በጣም እመክራለሁ፤ ያ ሁሉ ክብደት በካሜራዋ ማያያዣ ላይ ተንጠልጥሎ መዋል የለበትም። ሴንሰሯ ኤፒኤስ-ሲ (ከፉል ፍሬም ያነሰ) ስለሆነ 200 ሚሊሜትሩ እይታውን እንደ 300 ያጠባል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በእጅ ሳነሳ የሻተሬን ፍጥነት ከ1/320 ሰከንድ አላወርድም።