የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ውስጥ እንዴት ይጠገናል?

እኛ ቤት፣ ደብረ ማርቆስ፣ ምጣድ ሲበላሽ ማንም ተረጋግቶ አይቀመጥም። ሊጡ ቦክቷል፣ አብሲቱ ተጥሏል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ርቧቸው ይመጣሉ። ያለው አማራጭ ወደ ጭስ ቤት መመለስ ነው። እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየማገደች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች ስትጋግር ነው ያደግኩት። ያንን ደግሜ ማየት አልፈልግም። ምጣድ መጠገን የተማርኩትም ለዚህ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱን አበላሽቻለሁ። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ይጋገርበታል።

ምጣዱ ነው ወይስ መብራቱ?

ምጣድ አልግል ሲል ሁልጊዜ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። ማታ ማታ መብራት ሲደክም ምጣድም ይለግማል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 180 ከወረደ የምጣዱ ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም። ያኔ ምጣድ መፈታታት ከንቱ ልፋት ነው። ጠዋት ደግማችሁ ሞክሩት።

ጠዋትም እንቢ ካለ ወንዱን ሶኬት ንቀሉና እዩት። እግሩ ጠቁሯል? ፕላስቲኩ ቀልጧል? ሲሸት የተቃጠለ ጎማ ይላል? እንግዲያው ችግሩ ያለው እዚያው ነው፤ ሶኬቱን ቀይሩ። ብዙ ሰው ሙሉ ምጣድ የሚያስጠግነው ለሶኬት ብልሽት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ይህ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ ሞባይል በምንሞላበት ማከፋፈያ ላይ ምጣድ መሰካት ክልክል ነው። ገመዱም ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መቀጠን የለበትም፤ እኔ ባለ 4ቱን ነው የምገዛው።

ብሬከሩ ወዲያው እየወረደ ካስቸገረ ደግሞ በትልቅ ብሬከር አትተኩት። ፊውዝ ላይ ሽቦ መጠቅለልንም እርሱት። ብሬከሩ የወረደው አንድ ነገር አይቶ ነው።

ንቀሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ገልብጡ

ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት አይበቃም። ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን መስመር፣ ከሆነ ፌዙ፣ ማለትም የሚነዝረው መስመር፣ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ላይ እንዳለ ይቀመጣል። ከግድግዳው ይነቀል። ነቅሎም ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ፤ ሸክላው ትኩስ እያለ ቢገለበጥ ይሰነጠቃል። ለሁለት ሆናችሁ፣ ከሥር ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጉት። የሥሩን ቆርቆሮ ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቱ።

አሁን ለኩ። እዚህ ላይ ቴስተር ካቻቢቴ ብቻውን አይታመንም። እሱ የሚነግራችሁ ፌዝ መኖሩን ብቻ ነው። ሬዚስታንሱ ይበጠስ አይበጠስ አያውቅም። ርካሹ መልቲሜትር ይበቃል። ኦም ላይ አድርጋችሁ የሬዚስታንሱን ሁለት ጫፎች ንኩ። ባለ አንድ ሬዚስታንስ ምጣድ ከ12 እስከ 16 ኦም ካሳየ ሬዚስታንሱ ደህና ነው፤ ችግሩ ገመዱ ወይም ማያያዣው ላይ ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ባለ ሁለት ሬዚስታንስ ምጣድ ከሆነ እያንዳንዱን ለብቻው ለኩ። ምጣዱ በአንድ ወገን ብቻ የሚግል ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ሄዷል ማለት ነው።

ቀጥላችሁ አንዱን ጫፍ ከምጣዱ ብረት ጋር ለኩ። እዚህ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ምጣዱ ይነዝራል።

የተበጠሰውን መቀጠል ይቻላል?

ይቻላል፤ አይበረክትም እንጂ። ሁለቱን ጫፎች ጠምዝዞ ማያያዝ ለሳምንት ያህል ይሠራል። የተጠማዘዘው ቦታ በደንብ ስለማይነካካ ከሌላው በላይ ይግላል፤ እዚያው ላይ ደግሞ ይበጠሳል። የተቃጠለውን ቆርጦ ማሳጠር ደግሞ የባሰ ነው። ሽቦው በአጠረ ቁጥር ብዙ መብራት ይስባል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ቶሎ ይሞታል። እኔ የመጀመሪያውን ምጣድ ያበላሸሁት እንዲህ ነው። በየጊዜው ሁለት ሦስት ጣት እያሳጠርኩ አራት ጊዜ ቀጠልኩት። አዲስ ግዙ። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውፍረቱና ዋቱ ይመሳሰል።

ሬዚስታንሱን መሳብ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። እዚህ ላይ ብትቸኩሉ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

አሮጌውን ጀሶ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፋቁ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ከሥሩ ሸክላው ላይ እንደ ማሳ ፈር የተሰመሩ ቦዮች ታገኛላችሁ። አሮጌው ሽቦ ከየት ገብቶ በየት እንደወጣ ሳታወጡት በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ሲባጎ ወስዳችሁ ቦዩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትላችሁ አስተኙት። ያ ሲባጎ ልካችሁ ነው።

አዲሱ ሬዚስታንስ ሲገዛ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከመሳባችሁ በፊት መሐሉን ፈልጉና ቀይ ክር እሰሩበት። የግማሹንም ግማሽ እንዲሁ እሰሩ፤ ሦስት ክር ይሆናል። አንዱን ጫፍ ግድግዳ ላይ ካለ ምስማር ጋር አያያዙ። ሌላውን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ትንሽ ስባችሁ ልቀቁት፤ ምን ያህል እንደተመለሰ እዩ። እንደገና ስባችሁ ልቀቁት። ከለቀቃችሁት በኋላ ያለው ርዝመት ከሲባጎው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቢያጥር ጣት ቢያጥር እንጂ መብለጥ የለበትም። አንዴ ከልክ በላይ የተሳበ ተመልሶ አይሰበሰብም።

አሁን ክሮቹን እዩ። መሐለኛው ክር በትክክል መሐል ላይ ነው? ሌሎቹስ ሩብና ሦስት ሩብ ላይ ናቸው? ካልሆነ በአንድ ወገን ተስቦ በሌላው ተጠጋግቷል። የተጠጋጋው ቦታ በጣም ይግላል፤ እንጀራውን እዚያው ላይ ያሳርራል፤ በመጨረሻም እዚያው ይበጠሳል። ጥቅጥቅ ያለውን ክፍል ብቻ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አስተካክሉ። እኔ በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ፤ አልቆጨኝም።

ቦዩ ውስጥ ስታስተኙት መታጠፊያዎቹን ልብ በሉ። ሽቦው ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ይጠጋጋልና እዚያ ጋ ትንሽ ላላ አድርጉት። በሁለት ቦዮች መካከል ያለው የሸክላ ግንብ የፈረሰበት ካለ ቀድማችሁ በጀሶ ሥሩት፤ ሁለት ሽቦ እንዲነካካ አትፍቀዱ።

ጫፎቹን ሳታያይዙ በፊት እያንዳንዱን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ዘርጉና መልሳችሁ በራሱ ላይ ጠምዝዙት። ድርብ ሲሆን ብዙም አይግልም፤ ማያያዣውን አያቃጥልም። ከገመዱ ጋር በነጩ የሸክላ ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ) ወይም በብሎን፣ በሁለት ሮንዴላና በዳዶ አጥብቁት። ናስትሮ (የመብራት ፕላስተር) እዚያ አካባቢ አይቅረብ፤ ይቀልጣል። በእርሳስ መበየድም አይጠቅምም፤ እሱም ይቀልጣል። አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን የመሬት ሽቦ ከምጣዱ ብረት ጋር እሰሩት። ይህን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ አትተዉት።

ጀሶው እስኪደርቅ

ጀሶ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ በሸለቆው ውስጥ የጀሶ ድንጋይ አለ። ከሱቅ የተገዛውን ዱቄት እንደ ገንፎ ወፈር አድርጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ በጥብጡ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። መጀመሪያ ሽቦውን እዚህም እዚያም በጠብታ አሲዙት፤ ከዚያ ሁሉንም በስሱ ሸፍኑ።

አሁን ቆዩ። ሁለተኛውን ምጣድ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። የቡሄ ዋዜማ ነበር፤ ነሐሴ 12፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም። ለልጆቹ ሙልሙል መድረስ አለበት። ጀሶው ሁለት ቀኑ ነው፤ ላዩ ደርቋል፤ ስነካው ቀዝቀዝ ይል ነበር። ደርቋል ብዬ ሰካሁት። እታለም፣ ታላቅ እህቴ፣ በባዶ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማ በሊጥ እጇ የምጣዱን ብረት ነካች። ወደ ኋላ ወረወራት። አክንባሎው ከእጇ ወድቆ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷን ክፉ ነገር አላገኛትም። የመሬት ሽቦ አላሰርኩም ነበር። ጀሶው ውስጥ የቀረው ውኃ መብራቱን ወደ ብረቱ አሳልፎታል። ሸክላውም በእንፋሎቱ ከዳር እስከ መሐል ተሰነጠቀ።

ስለዚህ በበጋ ፀሐይ ላይ ቢያንስ አራት ቀን፣ በክረምት ቤት ውስጥ ከሳምንት በላይ አቆዩት። ጀሶው ጉንጫችሁ ላይ ስታስጠጉት መቀዝቀዝ የለበትም። ከመሰካታችሁ በፊት ከሬዚስታንሱ ወደ ብረቱ ደግማችሁ ለኩ፤ መልቲሜትሩ ትንሽ ቁጥር እንኳ ካነበበ ገና ነው። ስትሰኩት ጫማ አድርጉ። ሁለት ደቂቃ አብሩና አጥፉ፤ ሩብ ሰዓት አሳርፉ፤ እንደገና አብሩ። እንፋሎት መውጣቱን እስኪያቆም እንዲህ አድርጉ።

ምጣዱን እንደ ልማዳችሁ በጎመንዘር አሟሹትና ጋግሩ። የመጀመሪያውን እንጀራ ሰፌድ ላይ ገልብጡና ጀርባውን እዩ። እኩል ነጣ ካለ ሽቦው እኩል ተስቧል። በአንድ ቦታ ቡናማ መስመር ወይም ክብ ከወጣ ሬዚስታንሱ እዚያ ጋ ተጠጋግቷል። ቦታውን በከሰል ምልክት አድርጉበት፤ ሲቀዘቅዝ ነቅላችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ያችን ብቻ ከፍታችሁ ላላ ታደርጓታላችሁ።